ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች

በደርግ ዘመን ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ ባለው አገር ደብዳቤ በመጻፍ እኔን የሚያህል ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ትሕትና ጎድሎኝ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የእኔ ደብዳቤ ሲነበብ የተጣላ ይታረቃል፣ የኮበለለች ሚስት ጓዟን ጠቅልላ ትመለሳለች፣ ደብዳቤውን ተሸክማ የሄደችው በቅሎ ሳትቀር እንባዋን ትጠርጋለች። በምን እንደምትጠርገው እኔን አትጠይቁኝ።

ችግሩ፣ ያ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ደብዳቤ መሆኑ ነው። ንፋስ መውጫ ድረስ ሄጄ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩና ይዤ የተመለስኩት የደብዳቤ አጀማመርና አጨራረስ ብቻ ነበር። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ።» መሐሉ ላይ በሬ ሞተ፣ ገብሱን ውርጭ መታው፣ ቤት ተቃጠለ ብሎ መጻፍ ይቻላል። መጀመሪያው ግን አይነካም። አስጻፊው እያጣጣረም ቢሆን በጣም ደኅና ነው። አገሩ እያለቀ፣ እኔ በአንዲት እስክሪብቶ አገሩን በሙሉ ደኅና አድርጌው ኖርኩ።

የዘወትር ደንበኛዬ እናቴ ነበረች። የምታስጽፈው ለንስሐ አባቷ ነው። እሳቸው ቀድሞ ስማዳ ውስጥ የደብራችን ቄስ ነበሩ። እኔንም ታናሽ ወንድሜንም ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ መነኮሱና ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ሄዱ። እዚያ ዜማ ሊማሩ ከየአገሩ ከመጡ ደቀ መዛሙርት ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው እኛ ዘንድ መምጣት አይችሉም። ዘመዶቿ ሌላ የንስሐ አባት እንድትይዝ ሲመክሯት እናቴ ትቆጣለች።

«ኃጢአቴን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ለአዲስ ሰው ከልጅነቴ ጀምሬ ልተርክለት ነው? በምን ጉልበቴ?»

ንስሐው ራሱ በወረቀት አይሆንም፤ ለእሱ በዓመት አንዴ በእግሯ ትሄዳለች። ምክሩ ግን በደብዳቤ ነበር። ጨው ነጋዴው ጎረቤታችን አህዮቹን ወደ ጋይንት ሲነዳ የእሷን ይወስዳል፣ ሲመለስ የእሳቸውን ያመጣል። ዓይናቸው ስለ ደከመ እሳቸውም የሚያስጽፉት በተማሪ ነው። የእሳቸው ደብዳቤ የእኔን አይመስልም። ሰላምታው እንኳ አጭር ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ድንበር ገፋብኝ ብላ ብታስጽፍ «የገፋውን ያህል አንቺ ደግሞ ሰላምታሽን ግፊለት፤ ጠዋት ጠዋት ቀድመሽ እንደምን አደርህ በዪው» ብለው መለሱላት። ሌላ ጊዜ ታማ ጾሙን ልፍታ ወይ ስትላቸው «በሽታሽ ጾምሽ ነው፤ ወተት ጠጪ» አሉ። እናቴ ምክራቸውን ትፈጽማለች፤ እያጉረመረመች፣ ግን ትፈጽማለች። ጎረቤቱን ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርህ ስትለው አነጋገሯ እርግማን ይመስል ነበር። ሰውዬው ግን በሦስተኛው ሳምንት ድንበሩን መለሰ፤ ፈርቶ ይሁን አፍሮ አላውቅም።

ታዲያ ደብዳቤው ከመንደር የሚወጣው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ካየው በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩን ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ራሴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ በጣቱ እየተከተለ፣ ላብ በላብ ሆኖ ያነባል።

«ይሄ "አባቴ ይፍቱኝ" የሚለው ምንድን ነው? ማን ታስሮ ነው?»

«እናቴ ናት፣ ጓድ ሊቀ መንበር። በኃጢአት ነው የታሰረችው።»

«ታዲያ የታሰረ ሰው የሚፈታው በማኅበሩ ነው እንጂ በመነኩሴ ነው እንዴ?» ይልና፣ የቀልድ ይሁን የምሩ ሳይለይ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። የእናቴ ኃጢአት ሁሉ በገበሬ ማኅበር ማኅተም ተረጋግጦ ነው ቤተ ልሔም የሚደርሰው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ለብሔራዊ ውትድርና ከየቤቱ ሰው ተጠየቀ። ከእኛ ቤት ሁለታችንን አሰልፈው አዩን። ወንድሜ ቁመቱ የዋርካ፣ ክንዱ የሞፈር ነው። እኔ ደግሞ ደረቴ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሳንባ መያዙን ሐኪም እንኳ ይጠራጠር ነበር። መልማዩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄንን ብንወስደው ጠላት ይስቅብናል» አለ። ወንድሜን ወሰዱት። የሚያርሰው ሄደ፣ የሚጽፈው ቀረ። እኔ ሳርስ የዋልኩበትን ማሳ ያየ ሁሉ አሳማ የፈነጨበት ነው የሚመስለው።

ከሄደ በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፤ በሰው እጅ ያስጻፈው። ከናፍቆታችን በስተቀር በጣም ደኅና ነበር።

ከዚያ ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ፣ ከጦር ግንባር ጠፍቶ የመጣ የአጎራባች ቀበሌ ልጅ ተደብቆ ቤታችን ገባ። እናቴ የምታቀርብለትን ሳትጨርስ ነገሩን ጀመረው።

«እማማ፣ አብረን ነበርን። ሲወድቅ አይቼዋለሁ።»

«ሲሞትስ?»

«ሲወድቅ ነው ያየሁት። ሲነሣ አላየሁም። ግን… እኔም ወደ ኋላ አላየሁም።»

እናቴ ጉዳዩን ለአባ አስጻፈች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ? በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የቀልድ አይደለም። ልጁ ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ያስፈልገዋል፤ ካህን ስሙን ጠርቶ ነፍሱን ካላሰናበታት ዕረፍት የላትም። በሕይወት ካለ ደግሞ በሕያው ሰው ላይ ፍትሐት ማድረስ ሰውየውን መግደል ነው። እናት በአፏ ቀበረችው ማለት ነው። ወይ ነፍሱን ሜዳ ላይ ታቆማለች፣ ወይ ሥጋውን ትገድላለች። ሦስተኛ መንገድ የለም።

አባ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ወድቆ ያየው ሰው ሞቶ አላየውም። ሕያውን ሙት ብለን አንጥራ። እኔ ስሙን ከሕያዋን ጋር እያነሣሁ ነው። አንቺ ጥቁር አትልበሺ፣ ነጭም አትቀይሪ። ቆዪ።»

ቆየች። እንደ እሷ የቆየ ሰው አላየሁም። ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠጉሯን ሳትቀባ፣ ሰርግ ሳትሄድ፣ ለቅሶ ሳትሄድ። ለቅሶ ቤት ከሄደች በሰው አስከሬን የራሷን ልጅ ልታለቅስ ነው፤ ያ ደግሞ ሟርት ነው። ሰርግ ቤት ከሄደች ልጇ ሞቶ ቢሆንስ? በሁለቱ መካከል እንደ በር ላይ ድመት ቆማ ክረምቱ ወጣ፣ ሌላ ክረምት ገባ። እኔ ቤቱ ውስጥ እየቀለድኩ እዞራለሁ። አትስቅም። አንድ ጊዜ ሞፈሩን ተሸክሜ በግንባሬ ስደፋ ብቻ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ስንት ጊዜ ወደቅሁ፤ አልሆነም።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣና ይጨቀጭቃታል።

«እህቴ፣ ልጁ ሞቷል። እወቂው። የሰው ነፍስ ያለ ፍትሐት አታንከራትቺ።»

«ካልሞተስ?»

«ካልሞተ የት አለ?»

«ካልሞተስ ነው ያልኩህ! በአፌ ልግደለው?»

«እንግዲያ ነፍሱ ስትጠይቅሽ መልሺላት» ብሎ ነጠላውን አራግፎ ይወጣል።

ጠየቃት። በሕልሟ ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ውኃ ለመናት። ግባ ስትለው አልገባም። እንዲህ ያለ ሕልም በእኛ አገር ፈቺ አያስፈልገውም፤ የሞተ ሰው ነው ከአጥር ውጭ የሚጠማው። ጠዋት ተነሥታ «ወረቀትህን አምጣ» አለችኝ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። እንደ ልማዴ «በጣም ደኅና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። እሷም «አባቴ፣ ደከመኝ። ይሁን። ፍትሐቱን ያድርሱለት» አለች። ጻፍኩ። ከዚያ ስሙ ላይ ደረስን።

ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው፤ ሰው በሚጠራበት በዓለም ስም አይደለም። የክርስትና ስም ደግሞ እኛ ቤት እንደ ወርቅ ይደበቃል። ደብተራ የሰውን የክርስትና ስምና የእናቱን ስም ካገኘ አበቃለት፣ መተት ይሠራበታል ይባላል። ስለዚህ እኔ የራሴን አውቃለሁ፤ የወንድሜን አላውቅም። እሱም የእኔን አያውቅም። አባታችንና የክርስትና አባቱ ካረፉ ወዲህ የእሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የወለደችውና ያጠመቁት።

«ስሙን በይና ልጻፈው» አልኳት።

አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ። 

«አልልም» አለች በመጨረሻ።

«እማ፣ ያለ ስም እንዴት ይሆናል?»

«አባ ያውቁታል። ያጠመቁት እሳቸው አይደሉ? "ስሙን እርስዎ ያውቁታል" ብለህ ጻፍ። እኔ ከአፌ አላወጣውም።»

እንዳለችው ጻፍኩ። ከታች የእሷን የክርስትና ስም፣ ከእሱ ሥር «ጸሐፊው» ብዬ የእኔን አሰፈርኩ። ለንስሐ አባት በዓለም ስም አይጻፍም፤ ሁልጊዜም፣ የሊቀ መንበሩ ማኅተም ካረፈ በኋላ፣ እንዲሁ ነበር የምናደርገው። ደብዳቤው በጨው ነጋዴው አህያ ሄደ።

መልሱ እስኪመጣ አጎቴ ለቅሶውን አሰናዳ። ጠላ ተጠመቀ፣ ምስር ተሠራ፣ ዘመድ ከእስቴ ሳይቀር ተጠራ። መልሱ ሲደርስ በዚያው ለቅሶውም ተዝካሩም ይሆናል ተባለ፤ ሁለት ጊዜ ለመደገስ አቅም አልነበረምና። ጨው ነጋዴው እሑድ ከሰዓት ደረሰ። እናቴ የወንድሜን ጋቢ፣ ጅራፉንና የሰርግ ቀን ሊለብሰው የነበረውን እጀ ጠባብ ግቢው ላይ አልጋ አስወጥታ ዘርግታዋለች። አስከሬን የሌለው ሰው የሚለቀሰው በልብሱ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። ፈቃዱ ተነቦ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚጠብቁት።

ቆሜ አነበብኩ። አነባበቤ ያማረ ነበር፤ ያን ቀን እንኳ ጉራ አልለቀቀኝም። «ልጄ ሆይ፣ እንዳስጻፍሽልኝ አድርጌያለሁ። ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሆነን ፍትሐቱን አድርሰናል። ከእንግዲህ ስሙን ከሕያዋን ጋር አላነሣም። አልቅሺ፤ ተፈቅዶልሻል። ነፍሱን ይማርልን፣ የ…»

እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች እናቴ። «አንብበው እንጂ። አሁንማ ይነበብ፤ ከአባ አፍ ወጥቷል።»

የተጻፈው ስም የእኔ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አባ አርጅተዋል። በእጃቸው ያለፈው ሕፃን ብዛቱ የትየለሌ ነው። ደብዳቤውን ያነበበላቸው ተማሪ «ስሙን እርስዎ ያውቁታል ይላል» ሲላቸው፣ እስከዚያ ከሕያዋን ጋር ሲያነሡት የኖሩት ስም እንኳ ከእርጅና የተነሣ ጠፋባቸው። ወረቀቱ ላይ የነበረው የወንድ ስም አንድ ብቻ ነው፤ ከታች፣ በሚያምር ጽሕፈት። እሱን ጠሩት። ቤተ ልሔም ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሊቅ ሰብስበው፣ በዚያ በሚያስለቅስ ዜማ እኔን ሸኙኝ።

ስሙን አነበብኩት።  እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለች። ፊቷ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ያላየሁት ነገር ወጣ። «ይሄ የእሱ አይደለም! እግዚአብሔር የአባን አፍ ዘጋው! አልጠራም! ልጄ አልተጠራም! ልጄ አለ!»

እልል አለች። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆዩና፣ አንዷ ስትጀምር ሁሉም እልል አሉ። እናቴ ጋቢውን፣ ጅራፉንና እጀ ጠባቡን ከአልጋው ላይ እቅፍ አድርጋ፣ እየሳመች ወደ ቤት ሮጠች።

አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ገለበጠው፤ ማንበብ ግን አይችልም። «የማን ስም ነው ታዲያ?» አለኝ።

«የእኔ።»

ትኩር ብሎ አየኝና «ታዲያ አንተ ምን ትገተራለህ? ሞተሃል እኮ!» አለኝ። ሳቅ ሆነ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን አውቃለሁ? «በሉ ቅረቡ፣ ተዝካሬን ብሉልኝ፤ ነፍሴ ረክታለች» አልኳቸው። በሉ። ጠጡ። እኔም ተቀምጬ የራሴን ተዝካር በላሁ። ምስሩ ጨው በዝቶበት ነበር። አንድ የሰከረ ሽማግሌ ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ «ጥሩ ሰው ነበርክ» አለኝ። ይህን ታሪክ በየግብዣው ስናገረው ሰው በሳቅ ይፈርሳል። የሚቀጥለውን ግን አልናገርም።

በማግስቱ ስሕተቱን ለአባ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ እናቴ ደረሰችብኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አባ ተሳስተዋል። ትክክለኛውን ስም እንንገራቸው።»

«እጅህ ይቆረጥ! ለዚያ ነገር ሁለተኛ ወረቀት እንዳትነካ። አባ አልተሳሳቱም። መልስ ነው የሰጡኝ።»

ከዚያ በኋላ ለማንም ደብዳቤ አላስጻፈችም። የሕይወቷን ምክር ሁሉ ከእሳቸው ስትቀበል የኖረች ሴት፣ ሌላ ቃል እንዳይመጣባት ፈርታ ከንስሐ አባቷ ሸሸች። ጥቂት ቆይቶ ጨው ነጋዴው ማረፋቸውን ነገረን። አንገቷን ደፋችና «ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ከፊቷ ላይ ግን የሆነ ፍርሃት ሲወርድ አየሁ።

ደርግ ወደቀ። የተበተነው ወታደር በንፋስ መውጫ መንገድ እየተጎተተ ማለፍ ጀመረ። እናቴ ይህን ሰምታ ማን ያስቀራት! አጥሚት በቅል ይዛ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። መንገድ ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ታጠጣለች፣ ትጠይቃለች። ረጅም፣ ጠይም፣ የስማዳ ልጅ። እነዚያ ምስኪኖች ጫማ የላቸውም፣ ከናፍራቸው ተሰነጣጥቋል። አጥሚቷን ጠጥተው መልካም ወሬ ሳይሰጧት መሄድ ይከብዳቸዋል መሰለኝ።

«አዎ እናቴ፣ አይቼዋለሁ። ከኋላ ይመጣል።»

«አለ፣ አለ። ከኋላ ነው።»

ሁሉም ከኋላ ይመጣል አሏት። ሰልፉ ሳሳ። ከዚያ አንድ አንድ ሆነ። ከዚያ መንገዱ ላይ ንፋስ ብቻ ቀረ። «ሌላ መንገድ ይዞ ይሆናል» አልኳት። የማይረባ ነገር ነው የተናገርኩት። እሷ ግን ያዘችው፤ በሌላ መንገድ ሲመጣ ብዙ ዓመት ጠበቀችው።

ልትሞት በተኛችበት ሰሞን አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ የእሱን ስም ንገሪኝ።»

«ለምንህ?»

«ልጸልይለት።»

«ውሸታም። ፍትሐት ልታስደርስበት ነው።»

«አንቺ ከሄድሽ ማን ያውቀዋል?»

ዓይኗን ጨፈነች። ሳትነግረኝ ሄደች።

ለካህናቱ ነገርኳቸው። ስም የሌለው ነፍስ በምን እንደሚጠራ አናውቅም አሉኝ። ከሕያዋን ጋር አይነሣም፣ ከሙታንም ጋር አይነሣም። ቅዳሴ ላይ የሙታን ስም በተነሣ ቁጥር ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ምናልባት ሳያውቁት የእሱን ይጠሩት ይሆናል እያልኩ። ቢጠሩትም አላውቀውም።

እናቴን የቀበርን ቀን አምርሬ አለቀስኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ሦስት ሰው ነው የያዘኝ። ቀልደኛው ልጅ እናቱን እንዲህ ይወድ ኖሯል ብለው እስከ ዛሬ ያነሡልኛል። ለእሷ አልነበረም ያለቀስኩት። ለወንድሜም አልነበረም። ያን እሑድ ከሙታን ጋር የተጠራሁት እኔ መሆኔን በስሜ አውቃለች፤ ያወጣችልኝ እሷ ናት። እልል ስትል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። ጠጉሬ ሸብቷል፣ ልጆች አድርሻለሁ፤ መቃብር እንኳ በሌለው ወንድሜ እቀናለሁ።